ፍርሃት የሚኖረው በሽሽት ነው፦ የባህርይ ሕክምና ፍርሃትንና መጥፎ ልማድን እንዴት ይለውጣል?

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚሄድ ሰው ጉዶ በረትን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይሆናል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን ዋሻ ከተሻገረ በኋላ መንገዱ ገደል ገደሉን እየታከከ ቁልቁል ይጠማዘዛል። በክረምት ጉሙ ሲወርድ ከፊት ያለው መኪና መብራት እንኳ በቅጡ አይታይም። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ መስጋት ጤነኛነት ነው። ችግር የሚሆነው ስጋቱ የሰውን ኑሮ ማጥበብ ሲጀምር ነው። ለምሳሌ ያህል ደብረ ብርሃን የምትኖር፣ ወላጆቿ ደብረ ሲና ያሉ አንዲት ሴት እናስብ። ከመንገዱ ፍርሃት የተነሳ ለዓመታት አልወረደችም፤ ለሠርግ ቀርታለች፣ ለለቅሶም «አሞኛል» ብላ ቀርታለች።

ዘመድ ወዳጅ የሚመክራት «በርቺ፣ ወኔ ይኑርሽ» እያለ ነው። የባህርይ ሕክምና፣ ማለትም አድራጎትን በልምምድ የሚለውጥ የሥነ ልቦና ሕክምና፣ ባለሙያ ግን ወኔዋን አይመረምርም። የሚጠይቃት ይህን ነው፦ መናኸሪያ ድረስ ሄደሽ፣ ሚኒባሱ ላይ ሳትወጪ ስትመለሺ፣ በዚያች ደቂቃ ምን ይሰማሻል? መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ እፎይታ። ይህ እፎይታ የሽሽቱ ደመወዝ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ሥራ ደግሞ ይደገማል። በተመለሰች ቁጥር አእምሮዋ «የተረፍሽው ስለተመለስሽ ነው» ብሎ ይመዘግባል። መንገዱ ሊገድላት እንዳልነበረ የምታውቅበት አጋጣሚም ያመልጣታል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኦርቫል ሆባርት ሞውረር በ1940ዎቹ ይህን በሁለት ደረጃ አስረድቶታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመጀመሪያው ደረጃ ፍርሃት ከአንድ ነገር ጋር ይጣበቃል፤ ሾፌሩ ጠመዝማዛው ላይ በድንገት ፍሬን ይይዛል፣ ሰው ይጮኻል፣ ከዚያ ወዲህ ዋሻው ራሱ ልብ የሚያስደነግጥ ይሆናል። በሁለተኛው ደረጃ ሽሽቱ በእፎይታ እየተሸለመ ፍርሃቱን ያቆየዋል። ሕክምናው የሚገባው በዚህ በሁለተኛው በኩል ነው። ፍርሃቱ መቼና እንዴት እንደጀመረ ማወቅ ጥሩ ነው፤ ግን ብዙ ሰው መነሻውን ሳያስታውስም ይድናል።

ይህ ሕክምና በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። በ1920 አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ነጭ አይጥ ባየ ቁጥር ከኋላው በብረት ድምፅ እያስደነገጡ አይጧን እንዲፈራ አደረጉት። ዛሬ ማንም የምርምር ሥነ ምግባር ቦርድ አይፈቅደውም፤ ልጁም ፍርሃቱ ሳይወገድለት ነው የቀረው። ከአራት ዓመት በኋላ ሜሪ ካቨር ጆንስ የነገሩን ግልባጭ ሠራች። ጥንቸል የሚፈራ ሦስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልጅ የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሏን ከሩቅ አሳይታ ቀስ በቀስ እያስጠጋች በመጨረሻ እንዲዳስሳት አደረገችው። ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ በ1958 ባሳተመው ሥራ ይህን ለአዋቂዎች የሚሆን ሥርዓት አደረገው። ሰውየው ሰውነቱን ማፍታታት ይማራል፣ ከዚያ የሚፈራውን ነገር ከትንሹ ጀምሮ በሐሳቡ ይስላል። በኋላ የመጡ ጥናቶች ያሳዩት ግን ከሁሉ በላይ የሚሠራው ማፍታታቱ ሳይሆን ከሚፈሩት ነገር ጋር ፊት ለፊት መገናኘቱ መሆኑን ነው።

የፍርሃቱ መሰላል

ሥራው የሚጀምረው በወረቀትና በእስክሪብቶ ነው። የሚፈሩት ነገር በሙሉ ይዘረዘርና ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 100 ቁጥር ይሰጠዋል። 0 ማለት ምንም ፍርሃት የለም፣ 100 ማለት ከዚህ የባሰ ሊኖር አይችልም። ለደብረ ብርሃኗ ሴት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ የጣርማ በርን መንገድ ቪዲዮ በስልክ ማየት 20፤ መናኸሪያ ቆሞ የደብረ ሲና ሚኒባስ ሲሞላ መመልከት 30፤ ከእህቷ ጋር እስከ ጉዶ በረት ሄዶ መመለስ 45፤ ያንኑ ለብቻ 55፤ ጣርማ በር ወርዶ ዋሻው አፍ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ መመለስ 65፤ ዋሻውን አልፎ ደብረ ሲና መድረስ 75፤ በመስኮት በኩል፣ በገደሉ ወገን ተቀምጦ መውረድ 85፤ ጋቢና ተቀምጦ በጉም ቀን 95።

እርከኖቹ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ቢሆኑ ይበቃል። የመጀመሪያው የሚመረጠው ከ30 እስከ 40 ካለው ነው። ከ10 ቢጀመር ምንም አያስተምርም፤ ከ80 ቢጀመር ደግሞ ሰውየው መሃል መንገድ «ወራጅ አለ» ብሎ ይወርዳል፣ ሽሽቱም አንድ ተጨማሪ ደመወዝ ይቀበላል። በሁለት እርከኖች መካከል ያለው ልዩነት ከ20 ከበለጠ በመሃል ሌላ እርከን መጨመር ነው። ሰው ሲያጅብ፣ መቀመጫው ሲቀየር፣ ሰዓቱ ሲለወጥ ቁጥሩ ስለሚለወጥ መካከለኛ እርከን አይጠፋም። በጉም ቀን የሚሄደውም ሾፌሮች ራሳቸው በሚሄዱበት ጉም ነው። መኪና በሚቆምበት አየር ውጡ የሚል ሕክምና የለም።

ከመሄድ በፊት ግምት በጽሑፍ ይሰፍራል፤ ይህ ክፍል በተለምዶ ይዘለላል፣ ሲዘለል ግን ሥራው ግማሽ ይሆናል። «ራሴን ስቼ እወድቃለሁ፤ 80 በመቶ እርግጠኛ ነኝ።» «ልቤ ቀጥ ይላል፤ 60 በመቶ።» ሲመለሱ ከሥሩ የሆነው ይጻፋል፦ «ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ አልወደቅሁም።» «ፈራሁ» ብሎ መጻፍ ውጤትን አይለካም፤ ጥያቄው የተገመተው አደጋ ደረሰ ወይስ አልደረሰም ነው። አእምሮ አጥብቆ የሚማረው በጠበቀውና በሆነው መካከል ሰፊ ልዩነት ሲያይ ነው።

በጉዞው ላይ ፍርሃቱ መጀመሪያ ይወጣል፣ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ ለመውረድ ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ይወስድበታል፤ የአንድ ልምምድ ጊዜ ከ45 እስከ 90 ደቂቃ እንዲሆን የሚመከረውም ለዚህ ነው። ቀድሞ ቁጥሩ በግማሽ ሳይወርድ አትውጡ ይባል ነበር። አሁን ባለሙያዎች የሚሉት ግምቱ እስኪፈተን ቆዩ ነው። አንዳንድ ቀን ቁጥሩ 70 ላይ እንደቆመ ደብረ ሲና ይደረሳል፤ እሱም ሙሉ ልምምድ ነው። ተረጋግቶ መድረስ ከተጠበቀ ግን ሰውየው መንገዱን ሁሉ ልቡን ሲያዳምጥ ይውላል፣ የሚያዳምጥ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሰማዋል።

ስለ ልብ ከተነሳ አንድ የአካባቢያችን ጉዳይ አለ። ከደጋው ከፍታ ላይ፣ በተለይ ከቆላ ወጥቶ ጣርማ በር ወይም አንኮበር አቀበት ላይ ለሚራመድ ሰው ትንፋሽ ማጠርና የልብ ምት መጨመር የተለመደ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሳንባና ልብ ይተጋሉ። ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት የሚደርስበት ሰው ይህን እንደ ሞት ምልክት ያነበዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚፈራው ነገር የራሱ ሰውነት ስለሆነ ልምምዱም ሰውነቱን መቀስቀስ ነው። አንድ ደቂቃ ባለበት መሮጥ፣ አንድ ደቂቃ በቀጭን የለስላሳ መጠጫ ቱቦ መተንፈስ፣ ግማሽ ደቂቃ ቆሞ መሽከርከር፤ ከዚያ ማዞሩና ምቱ በራሱ ሲበርድ ማየት። የልብ ሕመም፣ አስም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ግን ሐኪም ሳያማክሩ ይህን አይሞክሩትም።

ሥራውን የሚያበላሹት

ትልቁ አጥፊ በድብቅ የሚደረግ ሽሽት ነው። ሴትዮዋ ሚኒባሱ ላይ ወጥታለች፣ ግን ዓይኗን ጨፍናለች፤ በሩ አጠገብ ካልሆነ አትቀመጥም፤ የእህቷን እጅ ጨምድዳ ይዛለች፤ ሾፌሩን በየደቂቃው «ቀስ በል ወንድሜ» ትለዋለች፤ ከመሄዷ በፊት ማረጋጊያ ኪኒን ውጣለች። ደብረ ሲና ስትደርስ አእምሮዋ የሚመዘግበው «ዓይኔን ስለጨፈንኩ ተረፍኩ» ብሎ ነው። እነዚህ መደገፊያዎች በመጀመሪያዎቹ እርከኖች ላይ ቢፈቀዱም ከላይኞቹ እርከኖች በፊት አንድ በአንድ መለቀቅ አለባቸው። ሐኪም ያዘዘውን ኪኒን ግን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አደጋ ስላለው ከሐኪሙ ጋር ነው የሚቀነሰው። ጸሎትን በተመለከተ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ይነሳል። መንገድ ሲጀምሩ ማማተብና መጸለይ የእምነት ነገር ነው፣ ማንም አይነካውም። ባለሙያው የሚያነሳው «በትክክል ሰባት ጊዜ ካልደገምኩት፣ አንዱን ቃል ከሳትኩ እንደገና ካልጀመርኩ መኪናው ይገለበጣል» የሚል ነገር ሲመጣ ነው። ይህ ከጸሎት ወጥቶ የፍርሃቱ አገልጋይ ሆኗልና ከንስሐ አባትም ጋር ተመካክሮ ማስተካከል ይቻላል።

ቤተሰብም ያበላሻል፣ በፍቅር። እህት «እኔ ልሂድልሽ፣ አንቺ አትጨነቂ» ስትል ሽሽቱን እየከፈለች ነው። የሚሻለው «ቅዳሜ እስከ ጉዶ በረት አብሬሽ እሄዳለሁ» ማለት ነው። በተቃራኒው በኃይል ጎትቶ መኪና ላይ መጫንም አይሠራም፤ ሳይዘጋጁ፣ ሳይፈቅዱ የሚደርስ ድንጋጤ ፍርሃትን ያጸናል። እርከኑን የሚመርጠው ራሱ ፈሪው ነው።

ሌላው ልምምዱን ማራራቅ ነው። በወር አንድ ጊዜ የሚሄድ ሰው ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይፈራል። በሳምንት ሦስትና አራት ጊዜ፣ ከተቻለም በየቀኑ ቢሆን ይመረጣል። ደብረ ሲና በየቀኑ መመላለስ ኪስን ስለሚጎዳ በሳምንት አንድ ረጅም ጉዞ፣ በመሃል ደግሞ የመናኸሪያና የአጭር መንገድ ልምምድ ማድረግ ያዋጣል። ልምምዱ ሁልጊዜ በአንድ ሾፌር፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ወንበር ከሆነም ድፍረቱ እዚያው ወንበር ላይ ይቀራል። የድሮው ፍርሃት አይሰረዝም፤ አዲስ ትምህርት ከጎኑ ይቀመጣል እንጂ። ሁለቱ ሲፎካከሩ አዲሱ እንዲያሸንፍ በብዙ ሰዓት፣ በብዙ ቦታ፣ በብዙ ሁኔታ የተማሩት መሆን አለበት።

ደም ሲያዩ ለሚወድቁ ሰዎች ነገሩ ልዩ ነው

በሌላ ፍርሃት ሁሉ የደም ግፊት ከፍ ስለሚል ራስን መሳት እጅግ ብርቅ ነው። ደምና መርፌ የሚፈራ ሰው ግን መጀመሪያ ግፊቱ ከፍ ይልና ወዲያው ያሽቆለቁላል፤ በእውነት ይወድቃል። ለፋሲካ በግ ሲታረድ ግድግዳ ተደግፎ የሚንሸራተት ጎልማሳ፣ መርፌ ፈርታ የእርግዝና ክትትል የምታቋርጥ እናት እዚህ ውስጥ ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው «ሰውነትህን ዘና አድርግ» ማለት ግፊቱን ይበልጥ ያወርደዋል። በ1980ዎቹ ስዊድናዊው ላርስ ጎራን ኧስትና ባልደረቦቹ ተቃራኒውን መንገድ አስተማሩ፤ ጡንቻን መወጠር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተቀምጦ የክንድን፣ የደረትንና የእግርን ጡንቻዎች አንድ ላይ መወጠር፤ ፊት ላይ ሙቀት እስኪሰማ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያህል መያዝ፤ ከዚያ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ወደ መደበኛው አቀማመጥ መመለስ፤ ሙሉ በሙሉ መልፈስፈስ ግን አይደለም። ይህን አምስት ጊዜ ደጋግሞ፣ በቀን አምስት ዙር፣ ለአንድ ሳምንት መለማመድ። ራስ ምታት ካመጣ ውጥረቱን ማላላት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ መሰላሉ ይኬዳል፦ የመርፌ ፎቶ፣ ባዶ መርፌ በእጅ መያዝ፣ ሌላ ሰው ሲወጋ ማየት፣ በመጨረሻ ራስ መወጋት። መርፌ የሚገባበት ክንድ ብቻ ላላ ይላል፣ ሌላው አካል ይወጠራል። ኧስት እንደ ውሻ፣ ሸረሪትና መርፌ ላሉ ተለይተው ለሚታወቁ ፍርሃቶች በአንድ ቀጠሮ፣ እስከ ሦስት ሰዓት በሚደርስ ተከታታይ ልምምድ ብዙዎችን መርዳት እንደሚቻልም በ1989 አሳይቷል። መንዝ ውስጥ የእረኛ ውሻ ፈርቶ መንገድ የሚቀይር ሰው የዓመታት ሕክምና አያስፈልገውም ማለት ነው፤ የታሰረ፣ ጠባዩ የታወቀ ውሻና ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ልማድስ?

በልማድም ጥያቄው ያው ነው፦ ምን ይቀድመዋል፣ ምን ይከፍለዋል? ሸዋ ሮቢት ላይ ከምሳ በኋላ የሚቅም ወጣት እንውሰድ። የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ማቆም አይደለም፤ መጻፍ ነው። ስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር፣ የት፣ ከመጀመሩ በፊት ምን ተሰማው፣ ስንት ብር ወጣ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ምን ተሰማው፣ በማግስቱ ጠዋትስ? ሳምንቱ ሲያልቅ ወረቀቱ ይናገራል። አንዱ የሚቅመው ለጨዋታው ነው፤ በርጫው ባይኖር ከሰዓት በኋላ የሚያዋራው ሰው የለም። ሌላው የሌሊት ሾፌር ነው፣ ለመንቃት ይቅማል። ሦስተኛው የትናንቱን ድብርትና ዱካክ ለማባረር ይቅማል። ሦስቱም «ጫት ቃሚ» ቢባሉም መድኃኒታቸው አንድ አይደለም። ለመጀመሪያው በዚያው ሰዓት ሰው የሚያገኝበት ሌላ ቦታ ያስፈልገዋል፤ ለሁለተኛው የእንቅልፍና የሥራ ሰዓቱ መስተካከል፤ ለሦስተኛው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን አስቸጋሪ ቀናት የሚያሻግረው ድጋፍ።

ደመወዙ ፈጣን፣ ጉዳቱ ዘግይቶ የሚመጣ መሆኑ ነው ልማድን የሚያጠነክረው። ምርቃናው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይመጣል፤ የኪስ መራቆቱና የእንቅልፍ ማጣቱ ነገ ነው። ስለዚህ ሕክምናው ፈጣን ደመወዝ ለአዲሱ ባህርይም ያዘጋጃል። የጫቱን ብር በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ዕቁብ ማስገባት አንዱ መንገድ ነው፤ በወሩ መጨረሻ «እቆጥባለሁ» ማለት ከምርቃና ጋር መወዳደር አይችልም። ቀስቃሾቹንም ማራቅ ያስፈልጋል፤ የመቃሚያውን ምንጣፍና ትራስ ከክፍሉ ማውጣት፣ ጫት ተራ በማያሳልፍ መንገድ ወደ ቤት መመለስ። ቅሞ ለመተኛት ጨብሲ (የምርቃና ማብረጃ መጠጥ) የለመደ ሰው ሁለቱንም አብሮ መያዝ አለበት፤ አንዱ ሌላውን ይጠራል።

ሐራራው ሲመጣ እንደማያልቅ ይመስላል። ሳይቀምሱ ከቆዩ ግን ብዙውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከፍ ብሎ ይወርዳል። ያንን ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ፣ ገላ መታጠብ፣ እጅን የሚይዝ ሥራ መሥራት ያሳልፈዋል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከመሻላቸው በፊት የሚከፉ መሆናቸውን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፤ ደመወዙ የተቋረጠ ባህርይ ከመሞቱ በፊት አንድ ጊዜ ሊበረታ ይችላል። ብዙዎች እዚህ ላይ «ባሰብኝ» ብለው ይተዉታል፤ እየሠራ መሆኑን የሚያሳየው ግን ያ ነው።

ይህ በልጆች ላይ በጣም ይታያል። ስልክ ካልተሰጠው የሚያለቅስ ልጅ እናቱ እምቢ ባለችበት የመጀመሪያው ቀን ከወትሮው አብልጦ ይጮኻል። በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ብትሰጠው የተማረው «አሥራ አምስት ደቂቃ መጮህ ያስፈልጋል» የሚለውን ነው። አንዳንዴ እየሰጡ አንዳንዴ መከልከል ሁልጊዜ ከመስጠት የበለጠ ልማዱን ያጸናዋል። ስለዚህ እናት፣ አባትና አያት በአንድ ቃል ሳይስማሙ ባይጀምሩት ይሻላል። ልጁ ሳይጮህ ሲጫወት ደግሞ ወዲያው፣ በዚያው ሰዓት ማመስገን፤ ቅጣት የማይፈለገውን ብቻ ነው የሚነግረው፣ ምን እንደሚፈለግ የሚያስተምረው ምስጋናው ነው።

ጥፍር መንከስና ጸጉር መንቀል ለመሰሉት አመሎች ናታን አዝሪንና ግሪጎሪ ነን በ1973 ያቀረቡት ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። በመጀመሪያ እጅ ወደ አፍ ሲነሳ ገና ከጉልበት ላይ ሲለቅ ማስተዋልን መማር። ከዚያ አመሉን የማያስችል ሌላ እንቅስቃሴ ለአንድ ደቂቃ መያዝ፦ ጡጫ ጨብጦ ጭን ላይ መጫን፣ ጣቶችን ማቆላለፍ፣ ወይም እቤት ከሆነ እንዝርት ማሾር። የቤት ሰው ሲያስታውስ «እንደገና!» እያለ አይቆጣም፤ እጁ ሥራ ሲይዝ አይቶ ያበረታታል።

አዲስ ልማድ በ21 ቀን ይተከላል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። በለንደን የተሠራና በ2010 የታተመ ጥናት አዲስ የዕለት ተግባር ልማድ እስኪሆን የፈጀው ከ18 እስከ 254 ቀን ሲሆን መካከለኛው 66 ነበር። አንድ ቀን መሳትም ሂደቱን አላፈረሰም። ስለዚህ ወር ሙሉ ሳይቅም ቆይቶ ለአንድ ሠርግ የቃመ ሰው ሁሉ ነገር ፈረሰ ብሎ ወደ ድሮው እንዳይመለስ፣ እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣ በማግስቱ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይጻፍ።

ብቻቸውን የማይሞክሩት

በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ፣ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥና ሳይቀምስ የማይረጋ ሰው በድንገት አያቁም። በድንገት ሲቆም የሚመጣው መንቀጥቀጥ፣ መጣልና መቃዠት ሊገድል ስለሚችል መጀመሪያ ሆስፒታል ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያለበት፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ወይም ባለፉት ዓመታት ግጭትና ጦርነት ካየው ነገር የተነሳ በሌሊት እየባነነ የሚኖር ሰውም መሰላሉን ለብቻው አይሥራ። የጦርነት ትዝታን የመጋፈጥ ሕክምና አለ፣ ይሠራልም፤ ግን በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ብቻ።

መነሻው በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይላካል፣ ለምሳሌ ደብረ ብርሃን ወዳለው ሆስፒታል። ጠበል እየተጠመቁ ሕክምናውን መከታተል ይቻላል፤ ጻድቃኔ ማርያምም ሆነ ሸንኮራ ዮሐንስ የሄደ ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት ሳያቋርጥ ቢሄድ የሚጋጭ ነገር የለም። ባለሙያውን መጠየቅ ያለባችሁ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ በቀጠሮዎች መካከል የቤት ሥራ ይኖረኛል ወይ? መሻሌን በምን እንለካለን? ስንት ቀጠሮ ይሆናል? ከ8 እስከ 16 ቀጠሮ፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ያህል፣ የተለመደ ነው። በየሳምንቱ ወሬ ብቻ ከሆነና የሚለማመዱት ነገር ካልተሰጠ የባህርይ ሕክምና እየተሰጠ አይደለም።

ከዳኑ በኋላም ፍርሃቱ አንዳንዴ ይመለሳል፤ ረጅም ጊዜ ሳይሄዱ ሲቆዩ፣ አደጋ ሲሰማ፣ ቤት ውስጥ ሐዘን ሲገባ። ይህ ሲሆን ከመሰላሉ ሁለት እርከን ወርዶ በዚያው ሳምንት መጀመር ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ወራት የፈጀውን አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ልምምዶች መመለስ ይቻላል፤ ወረቀቱንም አትጣሉት፣ የድሮዎቹ ግምቶችና ውጤቶች እዚያው ተጽፈዋል።